ፓዱ ለምን ቶሎ ያልቃል? መኪና በማሽን ፖሊሽ ስታደርጉ ግለትን መቆጣጠሪያ መመሪያ

«ፓዱ አዲስ ነው። ኮፈኑንና ሁለት በር እንደጨረስኩ ቬልክሮው ተላቀቀ። ፎርጅድ ሸጠውልኝ ይሆን?» በዚህ ወይም በተመሳሳይ ቃል የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። መሃሉ የቀለጠ ስፖንጅ ፎቶ አንስቶ የሚልክልኝም አለ። ፓድ የምለው ፖሊሽ ማሽኑ ላይ የሚለጠፈውን ክብ ስፖንጅ ነው፤ ቬልክሮ ደግሞ ከጀርባው ያለው የሚለጣጠፍ ጨርቅ ነው። አንዳንዴ እውነትም ዕቃው የረባ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፓዱን የፈጀው ግለት ነው። ግለቱን ደግሞ የሚያመጣው አሠራራችን ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ጻፍኩት።

ግለቱ ከየት ይመጣል?

ይህን ካልያዛችሁ የቀረው ሁሉ ባዶ ትእዛዝ ይመስላችኋል። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

ሙቀት የሚፈጠረው ሦስት ቦታ ነው። አንዱ ፓዱ ቀለሙን የሚነካበት ፊት ነው። ሁለተኛው ራሱ ስፖንጁ ውስጥ ነው። ዱዋል አክሽን ማሽን ፓዱን እያዞረ ወዲያ ወዲህም ያርገበግበዋል። ስፖንጁ በደቂቃ በሺዎች ጊዜ ይጨመቃል፣ ያዘነብላል፣ ይመለሳል። ሽቦ ደጋግማችሁ ስታጥፉት መታጠፊያው ላይ እንደሚግለው፣ ስፖንጁም ከውስጡ ይግላል። ሦስተኛው ከኋላ ነው። የፓዱ ቬልክሮ ከፕሌቱ ጥርስ ጋር የሚፋተግበት ቦታ ማለቴ ነው። ፕሌት የምለው ማሽኑ ላይ የታሰረውን፣ ፓዱ የሚለጠፍበትን ክብ ነገር ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው የፊቱን ሙቀት ብቻ ነው። እሱ ቀለሙን የሚያሰጋው ነው። ፓዱን የሚጨርሰው ግን የውስጡና የኋላው ነው። ስፖንጅ በአየር የተሞላ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አያስወጣም። ጠርዙ ንፋስ ያገኛል፤ መሃሉ ግን በፕሌቱና በላሜራው መካከል ታፍኖ ይቀራል። ለዚህ ነው ብዙውን ጊዜ መሃሉ ቀድሞ የሚሄደው። ስፖንጁን ከቬልክሮው ጋር የያዘው ሙጫ ሲግል ይላላል፤ ከዚያ መላቀቅ ይጀምራል።

ቬልክሮው ሲላላ ፓዱ ፕሌቱ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። መንሸራተቱ ሌላ ግለት ይጨምራል። ከዚህ በኋላ ነገሩ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፍጥነቱ የሚስተካከል ዱዋል አክሽን ማሽን። ሮታሪ (ፓዱን ሳያርገበግብ ዝም ብሎ የሚያዞር ማሽን) ካላችሁም መመሪያው ይሠራል፤ ልዩነቱን በየቦታው እነግራችኋለሁ።
- ለአንድ የቤት መኪና ከ4 እስከ 6 የሚሆኑ ጠንካራ ፓዶች፣ ለማጠናቀቂያ ደግሞ 2 ወይም 3 ለስላሳ። ቀለማቸውን አይታችሁ ብቻ አትግዙ። የአንዱ ፋብሪካ ብርቱካናማ ከሌላው ብርቱካናማ ጋር በጥንካሬ አይመሳሰልም።
- ለፓዱ ልክ የሚሆን ፕሌት፣ ከተቻለ አንድ ትርፍ
- ኮምፓውንድ (ጭረት የሚያወጣው ሻካራ ቅባት) እና ፖሊሽ (ለማጠናቀቂያ የሚሆነው ለስላሳው)
- የፓድ ማጽጃ ብሩሽ ወይም ጸጉሩ ጠንከር ያለ የናይለን ብሩሽ፤ ኮምፕሬሰር ካለ እጅግ ጥሩ
- ንጹሕ ማይክሮፋይበር ፎጣዎች
- ንጹሕ ውኃ የያዘ መርጫ
- ማስኪንግ ቴፕና የማይለቅ ማርከር
- ባልዲና ፈሳሽ ሳሙና
- መነጽርና የአፍ መሸፈኛ
- ካገኛችሁ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር። ከሌለ የእጃችሁ ጀርባ ይበቃል።

«6 ፓድ? እኔ በአንድ ነው የምጨርሰው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ፓድ ውድ ነው፤ እውነት ነው። ግን አንዱን እስኪሞት አሠርቶ ወደ ሌላው ከመሄድ፣ አራቱን እያፈራረቁ መሥራት በብዙ ይቆጥባል። የሚያርፍ ፓድ ይበርዳል፤ የበረደ ፓድ ዕድሜ አለው።

አሠራሩ

1. መኪናውን ጥላ ውስጥ አስገቡና እስኪበርድ ጠብቁ።
ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ኮፈን ገና ማሽን ሳይነካው እጅ ይፈጃል። በዚያ ላይ ፍትጊያ ስትጨምሩበት ኮምፓውንዱ ወዲያው ይደርቃል። የደረቀ ኮምፓውንድ አያለሰልስም፤ ፓዱን ይጎትታል። አዲስ አበባ ነፋሻ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ የቀትር ፀሐይ ላሜራን በደንብ ያግላል። ድሬዳዋና አዋሽ ለምትሠሩት ማለዳ ወይም ማታ ነው የሚያዋጣው። የእጃችሁን ጀርባ ላሜራው ላይ አሳርፉ፤ ከለብታ ካለፈ አትጀምሩ።

ከዚያ በፊት መኪናው በደንብ ይታጠብ። ላቫጆ ታጥቦ መጣ ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በሩ ግርጌና ጎማው አካባቢ የቀረ አሸዋ ፓዱ ውስጥ ከገባ ስፖንጁን ይቦጭቀዋል፣ ቀለሙንም ይጭረዋል።

2. ፓዱንና ፕሌቱን አመሳስሉ።
ፓዱ ከፕሌቱ በዙሪያው በትንሹ ይስፋ። ለ125 ሚሊ ሜትር ፕሌት 140 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ፓድ ጥሩ ነው። እኩል ከሆነ የፕሌቱ ጠርዝ ቀለሙን ሊመታ ይችላል። በጣም ከሰፋ ደግሞ ድጋፍ ያጣው ጠርዝ እየተርገበገበ ይቀደዳል።

ውፍረቱንም እዩ። ወፍራም ፓድ ምቹ ይመስላል። ነገር ግን የማሽኑን እንቅስቃሴ ራሱ ይውጠዋል፤ የዋጠውንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በተለይ ማሽናችሁ ፓዱን 15 ወይም 21 ሚሊ ሜትር ወዲያ ወዲህ የሚወረውር ከሆነ ቀጠን ያለ፣ መሃሉ ቀዳዳ ያለው ፓድ ምረጡ። ቀዳዳው ለጌጥ አይደለም፤ የታፈነው መሃል መተንፈሻ ነው።

3. ቬልክሮውን ፈትሹ፣ ፓዱን መሃል ላይ ለጥፉ።
ፕሌቱን ገልብጣችሁ ብርሃን ላይ እዩት። ጥርሶቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ ደህና ነው። መሃል አካባቢ ከተኙ፣ ካብረቀረቁ ወይም በጣት ስትዳብሱት ከለሰለሱ ቀልጠዋል። ፕሌት እስከ ዕድሜ ልክ የሚቆይ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እሱም አላቂ ዕቃ ነው። በሞተ ፕሌት ላይ አዲስ ፓድ መለጠፍ ፓዱን መጣል ነው።

ስትለጥፉ ዙሪያውን በእኩል መሃል ይሁን። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ ጠርዝም ብቻውን ሸክሙን ይወስዳል።

አሁን ማርከራችሁን አንሡና ከፕሌቱ ጀርባ፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ አንድ መስመር አስምሩ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ትደርሱበታላችሁ።

4. ፓዱን አርጥቡ፣ ግን አታጥግቡ።
ደረቅ ፓድ የመጀመሪያዎቹን ሴኮንዶች ያለ ማለስለሻ ይፋተጋል። ፊቱ የሚላጨው ያኔ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቂት ኮምፓውንድ አድርጉና በጣታችሁ ፊቱን በሙሉ በስሱ ቀቡት። ከዚያ አተር የሚያክል 4 ጠብታ ጨምሩ። ለሚቀጥለው የመኪናው ክፍል 3 ጠብታ ይበቃል።

ብዙ ኮምፓውንድ ብዙ ይሠራል ብላችሁ አታስቡ። ትርፉ ስፖንጁ ውስጥ ይሰርጋል፣ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። አየር የማይዘዋወርበት እርጥብ ስፖንጅ ከባድ ነው፣ ይግላል፣ ቶሎም ይቀደዳል።

5. ፍጥነቱንና ጫናውን ያዙ።
ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ማሽኑን ሳታበሩ ፓዱን ላሜራው ላይ አስቀምጡ። በትንሹ ፍጥነት ኮምፓውንዱን አሰራጩ፤ ከዚያ ከፍ አድርጉ። እስከ 6 የሚቆጥር ዱዋል አክሽን ከሆነ ለጭረት 4 ወይም 5፣ ለማጠናቀቂያ 3 ወይም 4 ይበቃል። ሮታሪ ከሆነ በደቂቃ ከ1000 እስከ 1500 ዙር አካባቢ ቆዩ። የመጨረሻው ቁጥር የተሠራው እንድትጠቀሙበት የሚመስላቸው አሉ። በስፖንጅ ፓድ ግን ከመጨረሻው ቁጥር የሚተርፋችሁ ግለት ነው።

ጫናውን በወሬ ማስረዳት ያስቸግራል። አንድ ዘዴ አለ። የሰውነት ሚዛን መሬት ላይ አድርጉ፣ ፎጣ አልብሱት፣ ያልበራውን ማሽን ከነፓዱ አስቀምጡበትና እንደምትሠሩበት ተጫኑ። የማሽኑን ክብደት ጨምሮ ከ4 እስከ 5 ኪሎ አካባቢ ካሳየ ደህና ነው። ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክረው ቁጥሩን አይቶ ይደነግጣል። ክንዳችሁ ያን ስሜት ይልመድ።

አሁን መስመሯን ተመልከቱ። ማሽኑ ሲሠራ የማርከሯ መስመር ስትዞር ልታዩ ይገባል። ቆማ የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ፓዱ መዞር አቁሟል። ሥራው ቆሟል ማለት ነው፤ ግለቱ ግን አልቆመም። አብዛኛው የማሽኑ ኃይል ስፖንጁን ለማሸት ይውላል። እጃችሁን አቅልሉ ወይም ፓዱን አስተካክላችሁ ጠፍጣፋ አድርጉት። ባልተስተካከለ ቦታ ላይ አንድ ጠርዝ ሲጫን ይህ ሁሌ ይከሰታል።

ሮታሪና በግድ የሚያዞር ዱዋል አክሽን ይህን ምልክት አይሰጡም። ምን ብትጫኗቸው ይዞራሉ። ስለዚህ በእነሱ ስትሠሩ ላሜራውን በእጅ ጀርባ ቶሎ ቶሎ ፈትሹ።

6. በትንሽ በትንሹ ከፋፍላችሁ ሥሩ።
አንድ ክፍል 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ቢበዛ 50 በ50። አንዴ አግድም፣ አንዴ ቁልቁል፣ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ግማሽ እየሸፈነ። ከ4 እስከ 6 ዙር በቂ ነው። ማሽኑ በሴኮንድ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይጓዝ። አንድ ቦታ ላይ አይቁም፤ ሙቀቱ የሚከማቸው የቆማችሁበት ነው።

ጭረቱ አልወጣም ብላችሁ ያንኑ ቦታ ሳታቋርጡ አትደጋግሙ። ሌላ ፓነል (ለምሳሌ በር ወይም ኮፈን) ሠርታችሁ ተመለሱ። ቴርሞሜትር ካላችሁ፣ ላሜራው 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ እረፍት ስጡት። እጃችሁን ጣል አድርጋችሁ ማቆየት ካቃታችሁ ከልክ አልፏል።

7. ክፍል በጨረሳችሁ ቁጥር ፓዱን አጽዱ።
ፓዱ ላይ የሚቀረው ያለቀ ኮምፓውንድ ብቻ አይደለም። ከመኪናው የተፋቀ የክሊር (ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን) ብናኝም አለበት። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሊጥ ይሆናሉ፤ ሲግል ደግሞ ይጋገራል። ፊቱ ጠጣር ይሆናል፣ ፍትጊያው ይጨምራል።

ኮምፕሬሰር ካለ ከመሃል ወደ ውጭ ንፉት። ብናኙን ከማውጣቱ ሌላ ፓዱን ያበርደዋል፤ ለአንድ ሥራ ሁለት ጥቅም ነው። ከሌለ ማሽኑን በትንሽ ፍጥነት አድርጋችሁ ፊቱን ፎጣ ላይ ለጥቂት ሴኮንድ አሳርፉ፣ ወይም አጥፍታችሁ በብሩሽ ጥረጉት። አየሩ ደረቅ ከሆነ አንዴ ውኃ እፍ አድርጉበት። አንዴ ብቻ።

8. ሳይግል ቀይሩት።
ከሁለት ወይም ሦስት ክፍል በኋላ ፓዱን አውጡና ሌላ ለጥፉ። መቼ እንደሆነ ለማወቅ ማሽኑን አጥፍታችሁ ገመዱን ንቀሉ፤ ጣታችሁን በመሃል ቀዳዳው አስገቡ ወይም ፊቱን መሃል ላይ ጫን በሉት። መሃሉ ከጠርዙ በግልጽ ከሞቀ ጊዜው ደርሷል። የወጣውን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ንጹሕ ፎጣ ላይ አስቀምጡት። በፊቱ መሬት ላይ የተደፋ ፓድ አሸዋ ይዞ ነው የሚመለሰው።

ስታላቅቁ በችኮላ አትመንጭቁ። ትኩስ ሙጫ ለስላሳ ነው፤ ከያዛችሁት ጠርዝ ጋር ስፖንጁ ብቻ ተገንጥሎ ቬልክሮው ፕሌቱ ላይ ይቀራል። አንድ ሁለት ደቂቃ ይብረድ። ከዚያ ጣታችሁን ከቬልክሮው ንጣፍ ሥር አስገቡና ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ አንሡት። ስፖንጁን ይዛችሁ አትጎትቱ።

9. ለጠርዝ፣ ለፕላስቲክና ለስቱኮ እጃችሁን አቅልሉ።
የበር ጠርዝና የኮፈን መስመር ሹል ስለሆኑ ጫናው ሁሉ አንድ ቦታ ያርፋል። ቀለሙም እዚያ ቀጭን ነው፣ ፓዱም እዚያ ይቆረጣል። በማስኪንግ ቴፕ ሸፍኗቸውና በኋላ በእጅ ጨርሷቸው።

የፕላስቲክ ባምፐር ሙቀቱን እንደ ላሜራ አያሰራጭም። ሥሩ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት) ያለበት ፓራፋንጎም እንዲሁ። ሙቀቱ ላዩ ላይ ይቆማል፤ ቀለሙም ፓዱም አብረው ይግላሉ። ፍጥነቱን አንድ ቁጥር ቀንሱ፣ ዙሩን አሳጥሩ። እኛ አገር ሁለተኛ ቀለም ያልተቀባ መኪና ማግኘት ቀላል ስላልሆነ፣ ያለ ስቱኮ ነው ብላችሁ አትገምቱ።

10. ወዲያው እጠቡ፣ በትክክል አድርቁ።
ኮምፓውንድ ፓዱ ውስጥ ከደረቀ ለማውጣት የምትታገሉት ትግል ራሱ ስፖንጁን ይቀደዋል። ሥራው እንዳለቀ፣ ፓዱ ግን ከበረደ በኋላ፣ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና አጥልቁት። በመዳፍ ጨምቁት እንጂ እንደ ልብስ አትጠምዝዙት። ውኃው እስኪጠራ አለቅልቁ።

በረኪና፣ ቤንዚንና ቲነር አታስነኩት። ቆሻሻውን ያወጡ ይመስላሉ፤ ሙጫውንና ስፖንጁን ግን ያበላሻሉ። ጉዳቱን የምታዩት በሚቀጥለው ሥራ ነው።

ስታደርቁት ስፖንጁን ወደ ታች፣ ቬልክሮውን ወደ ላይ አድርጉት። ውኃው ሙጫው ላይ እንዳይጠራቀም ነው። ጥላና ንፋስ ያለበት ቦታ ይሁን። ፀሐይ ስፖንጅን ያገረጣዋል፣ ውሎ አድሮም እንደ ብስኩት እንዲፈረፈር ያደርገዋል። በደንብ ከደረቀ በኋላ አቧራ በማይገባበት ዕቃ ክደኑት።

ማስጠንቀቂያ

ግራይንደር ላይ ፓድ ገጥማችሁ ፖሊሽ አታድርጉ። ፍጥነቱ የማይስተካከል ግራይንደር ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ፓዱ ይበተናል፣ ቀለሙ በሴኮንዶች ይቃጠላል፣ ፊታችሁንም ሊመታችሁ ይችላል።

መብራት ሲሄድ የመጀመሪያ ሥራችሁ የማሽኑን ማብሪያ መዝጋት ይሁን። ማብሪያው ተቆልፎ ከቀረ፣ መብራት ሲመለስ ማሽኑ በራሱ ሊነሣ ይችላል። ኮፈኑ ላይ አጋድማችሁት ቡና ልትጠጡ ሄዳችሁ ከሆነ ቀሪውን መገመት አያቅታችሁም።

ፓድ ከመቀየራችሁ በፊት ገመዱን ንቀሉ። በሥራ ሰዓት ገመዱን በትከሻችሁ አሳልፉት። የተንጠለጠለ ሻርፕ፣ የአንገት ሐብልና ሰፊ እጅጌ ከማሽኑ ይራቁ።

የፋብሪካ ክሊር ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው። ፓዱን ለማትረፍ የምታደርጉት ጥንቃቄ ሁሉ እሱንም ያተርፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

አልወጣ ያለን ጭረት በጉልበት ማውጣት። ጭረት ካልወጣ ኮምፓውንዱን ወይም ፓዱን አንድ ደረጃ ጠንከር አድርጉ። በለስላሳ ፓድ ላይ መጫን ለስላሳውን ፓድ ከማድቀቅ ሌላ ፋይዳ የለውም።

ፓዱን ማሽኑ ላይ እንደተለጠፈ ማሳደር። የጋለው ፕሌት ሙቀቱን ለሙጫው እየሰጠ ይቆያል። ማሽኑ በፓዱ ላይ ቆሞ ካደረ ደግሞ ስፖንጁ እንደተጨፈለቀ ይቀራል።

ያልደረቀ ፓድ ማሠራት። ላዩ ደርቆ ውስጡ ውኃ የያዘ ፓድ በፍጥነት ሲዞር ውኃው ወደ ጠርዝ ይወረወራል። ክብደቱ ስፖንጁን ከቬልክሮው ይገነጥለዋል፤ ኮምፓውንዱንም ያቀጥነዋል።

ኮምፓውንድና ማጠናቀቂያ ፖሊሽ በአንድ ፓድ መሥራት። ይህ ከግለት ይልቅ የጥራት ጉዳይ ነው፤ ሻካራው ቅሪት አዲስ ጭረት ይተክላል። ፓዱ ላይ በማርከር ጻፉበት፣ ተገላገሉ።

የሞተን ፓድ አይቶ ምክንያቱን ማወቅ

ከመጣላችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩት። የሚቀጥለው ፓድ ዕድሜ እዚህ ላይ ተጽፎላችኋል።

መሃሉ ከረገበ ወይም ጣታችሁ ሲነካው ከሰረጎደና ካልተመለሰ፣ ሳታሳርፉ ነው ያሠራችሁት። ጠርዙ ከተቦጨቀና መሃሉ ደህና ከሆነ ማሽኑን እያዘነበላችሁ ወይም ሹል መስመር ላይ እየሠራችሁ ነበር። ቬልክሮው ዙሪያውን ከተላጠ ትኩሱን መንጭቃችኋል ወይም በቲነር ታጥቧል። ፊቱ እንደ ቅርፊት ከደረቀ ጽዳት ተዘሏል። ተከታታይ ሁለት ፓድ በተመሳሳይ ቦታ መሃሉ ላይ ከተላቀቀ ግን ፓዱን አትውቀሱ፤ ፕሌቱን ቀይሩ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አዲስ ፓድ በመጀመሪያው ፓነል ላይ ከተገነጠለ፣ ያኔ ዕቃው ፎርጅድ ነው ማለት ትችላላችሁ። ይዛችሁ ወደ ሻጩ ተመለሱ።

ቬልክሮው ሄዶ ስፖንጁ ደህና የሆነውን አትጣሉት። ቆርጣችሁ ለጎማ ማብሪያ መቀቢያ አድርጉት። ግን ከቀለም ፓዶቻችሁ ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ አታስቀምጡት።